ቤቱ ሲሞላ መድኃኒቴን የት ልዋጥ?

ኮቪድ 19 ሲመጣ ኤችአይቪ በደሜ ውስጥ እንዳለ ካወቅሁ ዓመታት አልፈው ነበር። መድኃኒቴን በየዕለቱ እወስዳለሁ፤ የቫይረሱ መጠንም በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ ከደረሰ ቆይቷል። በዚያ ሰሞን እንደኔ ያሉ ሰዎች ሁሉ «ቢይዘኝ እተርፍ ይሆን?» እያሉ ይጨነቁ ነበር። እኔም ተጨንቄያለሁ። ዋናው ፈተናዬ ግን ሌላ ሆነ። መድኃኒቱ እጄ ገባ፤ ሰው ሳያየኝ የምውጥበት ቦታ ግን ጠፋ።

ከመድኃኒቱ ልጀምር። የእንቅስቃሴ ገደብ ሊጣል ነው ሲባል ቀጠሮዬን ሳልጠብቅ ወደ ክሊኒኩ ደወልኩ። ሲስተር ሰላምታዬን እንኳ ሳታስጨርሰኝ «ለስንት ቀን የሚበቃሽ አለ?» አለችኝ። ቆጥሬ ነገርኳትና የብዙ ወር በአንድ ጊዜ እንድወስድ አደረገች። ይህ አሠራር ኮቪድ የፈጠረው አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ሕክምናው ለተስማማቸው ሰዎች ከ3 እስከ 6 ወር የሚበቃ መድኃኒት እንዲሰጥ ከወረርሽኙ በፊትም ይመክር ነበር። ኮቪድ ያደረገው ነገር ቢኖር ሲያመነቱ የቆዩትን ማጣደፍ ነው።

ለማጣደፍም በቂ ምክንያት ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ፕሮግራም (ዩኤንኤድስ) ይፋ ያደረጉት ስሌት፣ ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች ሕክምናው ለ6 ወር ቢቋረጥ ከኤድስ ጋር በተያያዘ ከ500,000 በላይ ተጨማሪ ሰዎች ሊሞቱ እንደሚችሉ ያሳይ ነበር። ብዙም ሳይቆይ 73 አገሮች መድኃኒቱ ሊያልቅብን ይችላል ብለው አስጠነቀቁ። በረራ ተቋርጧል፣ የመርከብ ጭነት ዘግይቷል፣ አብዛኛው መድኃኒት የሚመረትባት ህንድም እንቅስቃሴዋን ዘግታለች። ደግነቱ የተፈራው ያህል አልሆነም፤ ለዚህም የብዙ ወር መድኃኒት መስጠቱ ትልቅ ድርሻ ነበረው። እኔ ከዚያ ወዲህ የአንድ ወር ትርፍ ሳይኖረኝ ቀርቼ አላውቅም። አዲስ ስወስድ አሮጌውን አስቀድማለሁ፣ የማብቂያ ቀኑንም አያለሁ። የመድኃኒቱን ስምና መጠን የጻፍኩበት ወረቀት ከመታወቂያዬ ጋር ይቀመጣል፤ መንገድ ተዘግቶ ሌላ ጤና ተቋም ብገባ ከመጀመሪያ ጀምሬ እንዳልተርክ ነው።

አሁን ወደ ቤቱ ልግባ። ድሮ መድኃኒቴን የማስቀምጠው መሥሪያ ቤት፣ በምቆልፈው መሳቢያ ውስጥ ነበር። ጠዋት ገብቼ ውኃ እቀዳለሁ፣ እውጣለሁ፣ አለቀ። ሥራ ከቤት ሆነ ሲባል መሳቢያውም ሰዓቱም አብረው ሄዱ። በዚያው ሳምንት ወንድሜ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር እኔ ዘንድ ገባ። ሁሉም የሚወዱኝ ናቸው፤ ስለ ሁኔታዬ ግን አንዳቸውም አያውቁም። ቀኑን ሙሉ አንድ ጣሪያ ሥር ነን፣ ልጆች ደግሞ የማይከፍቱት ቦርሳ የለም።

ሰዓቱን ሁሉም ከመነሳቱ በፊት ወዳለው ንጋት አዛወርኩት። እኔ የምወስደው ዶሉቴግራቪር የተባለ የኤችአይቪ መድኃኒት ያለበት ፍሬ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ስለሚወሰድ ለዚህ ይመቻል፤ ቢሆንም ሲስተርን ሳልጠይቅ አልቀየርኩም። ብልቃጡ እንዳይንኳኳ ጥጥ ጨመርኩበት። ፍሬዎቹን ግን ወደ ሌላ ዕቃ አልገለበጥኩም፣ ከእርጥበት የምትጠብቃቸው ብልቃጡ ውስጥ ያለችው ትንሽ ከረጢት ናትና። መታጠቢያ ቤት ገብቶ መዋጥ ይቻላል፤ እዚያ ማስቀመጥ ግን በእርጥበቱ ምክንያት አይሆንም።

የስልክ ምክሩም ራሱን የቻለ ችግር ነበረው። ክሊኒኮች በስልክ መከታተል ሲጀምሩ ነገሩ ቀላል መስሎ ነበር፤ ሰው በተሞላ ቤት ውስጥ ግን «መድኃኒት ያመለጠሽ ቀን አለ?» ለሚል ጥያቄ ምን ብዬ ልመልስ? ከሲስተር ጋር ተስማማን፤ እሷ «አዎ» ወይም «የለም» ብዬ በምመልሰው መንገድ ትጠይቃለች። በጽሑፍ መልእክትም የበሽታው ስም እንዳይጠቀስ ጠየቅኋት። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ስልኩ ሲጠራ ሳልሸሽ እንዳነሳ ያደረገኝ ግን ይኸው ነው።

ከዚያ የዚንክ ጉዳይ መጣ። ያኔ ሰው ሁሉ ዚንክና ቪታሚን ይወስድ ነበር፤ የወንድሜ ሚስትም ጠዋት ጠዋት ለሁላችንም ታድላለች። ዶሉቴግራቪር ከዚንክ፣ ከካልሲየም፣ ከብረትና ከማግኒዥየም ጋር ይጣበቅና ወደ ደም የሚገባው መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ መድኃኒቱ ከእነዚህ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ መወሰድ አለበት። እኔ የእኔን ድርሻ ማታ እወስዳለሁ እያልኩ አቆየሁት። እሷ ግን ሰው የሚታዘብ ዓይን አላት፤ ለምን ማታ እንደሆነ ደጋግማ ስትጠይቀኝ ነገርኳት።

መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ልጆቹን ያሰጋል?» ብላ ነው። አልተቀየምኩም፤ እናት ናት። በመብል ዕቃ፣ በመታጠቢያ ቤት፣ በመተቃቀፍ እንደማይተላለፍ፣ የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይ ሰው ደግሞ በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንኳ እንደማያስተላልፍ አስረዳኋት። ከእኔ ይልቅ ከባለሙያ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ከሲስተር ጋር በስልክ አገናኘኋቸው። ከዚያ በኋላ ስልክ ሲመጣልኝ ልጆቹን ሰብስባ ወደ ሌላ ክፍል የምትወስደው እሷ ሆነች። ይህን ስል ሁሉም ይንገር ማለቴ አይደለም። በመናገራቸው የተደበደቡና ከቤት የተባረሩ አሉ፤ በር በተዘጋበት ጊዜ ደግሞ መሸሻ የለም። ቤቱ የሚያሰጋ ከሆነ ትርፉን መድኃኒት ለታመነ ወዳጅ አስቀምጦ ከደጅ መቀበል ይሻላል።

ከሁሉ የጎዳኝ ስለ ኮቪድ የሚወራው ወሬ ነበር። «ማን አመጣብን? ከማን ጋር ተነካካ? አትቅረቡት!» ይህን ሁሉ እኛ ከዓመታት በፊት ስለ ኤችአይቪ ሰምተነዋል። የድጋፍ ማኅበራችን መሰብሰብ ባቆመበት ሰሞን ያ ቃል በየቤቱ ሲነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ከማኅበሩ አንዲት እህት ጋር በተወሰነ ሰዓት ርቀታችንን ጠብቀን መንገድ ላይ መራመድ ጀመርን። ስለ ሕመም የምናወራው ጥቂቱን ነው፤ ግን ምንም የማልደብቃት ሰው በሳምንቱ ውስጥ መኖሯ አጸናኝ።

ሎፒናቪርና ሪቶናቪር የተባሉት የኤችአይቪ መድኃኒቶች ለኮቪድ እየተሞከሩ ነው ሲባል መድኃኒታችንን የለመኑን ነበሩ። ትላልቆቹ ጥናቶች በዚያው በ2020 ጥቅም እንደሌላቸው አረጋገጡ። ያኔም ቢሆን የራስን መድኃኒት ማካፈል የራስን ሕክምና ማቋረጥ ነው፤ ባቋረጡት ብዙዎች ላይ ቫይረሱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይመለሳል።

ሳልና ትኩሳት ሲይዘኝ ለኮቪድ ብቻ ሳይሆን ለቲቢም መርምሩኝ አልኩ። ሳሉን ሁሉ ለኮቪድ መስጠት ቀላል ነበር፣ የመመርመሪያ መሣሪያዎቹም ወደ ኮቪድ ዞረው ነበር። በዓለም ላይ አዲስ ተገኝተው የተመዘገቡ የቲቢ ሕመምተኞች እ.ኤ.አ. በ2019 ከነበሩበት 7.1 ሚሊዮን በ2020 ወደ 5.8 ሚሊዮን የወረዱት በሽታው ጠፍቶ አይደለም፤ ሳይታወቅ ቀርቶ ነው። ቲቢ ደግሞ ከእኛ መካከል ብዙ ሰው የሚገድል ነው።

በወረርሽኙ መሐል መድኃኒታቸውን ያቋረጡ ጓደኞች አሉኝ። የክሊኒኩ ሰዎች ይቆጡናል ብለው የሚፈሩም ስለነበሩ ከሁለቱ ጋር እስከ ክሊኒኩ በር አብሬ ሄጃለሁ። የተደረገላቸው ነገር ይህ ነው፦ ሲዲ4 (ኤችአይቪ የሚያጠቃቸው የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ብዛት) ተለካ፣ ቲቢ ታየ፣ መድኃኒቱ እንደገና ተጀመረ፣ ከወራት በኋላ የቫይረሱ መጠን እንዲመረመር ቀጠሮ ተያዘ። ሲዲ4 ከ200 በታች የሆነው አንደኛው የኮቪድ ክትባቱን ተጨማሪ መጠን እንዲወስድም ተነገረው። ለምን አቋረጣችሁ ብሎ የተቆጣቸው አልነበረም።