እርቁ ቀድሞ፣ ሰማንያው ተከትሎ

«ቤተሰቦቻችሁን እንዴት አሳመናችኋቸው?» የሚል ጥያቄ በየሠርጉና በየክርስትናው ይገጥመኛል። ጠያቂዎቹ የሚጠብቁት እኔና ባለቤቴ አባቶቻችን እግር ላይ ወድቀን ስለ ፍቅራችን ስንማጸን የሚያሳይ ታሪክ ነው። እኛ ግን ሽማግሌዎቹ የቤተሰቦቻችንን ጠብ ሲያዩ የእኔም የእሱም ስም እንዳይነሳ ነበር አጥብቀን የለመንነው። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ከመሬቱ መጀመር ይኖርብኛል።

ያደግነው በምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና ብዙም በማይርቅ የጤፍ አገር ነው። በ1989 ዓ.ም. በክልሉ የመሬት ድልድል ሲካሄድ በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበር አመራር የነበሩ ሰዎች «ቢሮክራት» ተባሉ። ቢሮክራትና «የፊውዳል ርዝራዥ» የተባለ ሰው ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዝ ተወሰነ፤ ይህም አንድ ሄክታር መሆኑ ነው። ሌላው ገበሬ እስከ ዐሥራ ሁለት ጥማድ ይፈቀድለት ነበር። አባቴ ፊደል የቆጠሩ በመሆናቸው ብቻ የማኅበሩ ጸሐፊ ሆነው ያገለገሉ ሰው ናቸው። አራት ጥማድ ቀረላቸውና የተረፈው መሬት ለሌሎች ተከፋፈለ። ሾላው ሥር ያለው፣ ውኃ የማይተኛበት ጥሩ ማሳ ለባለቤቴ አባት ደረሰ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። በየዓመቱ ድንበሩ በአንድ ትልም ይገፋል፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በሁለት ትልም ይመለሳል። በአንዱ ክረምት ዱላ ተማዘዙና የወንድሜ ክንድ ተሰበረ፤ የባለቤቴ አጎት ታስሮ ወጣ። ሁለቱ ቤቶች ለቅሶ መደራረስ አቆሙ። እናቴም ከእናቱ ጋር ይጠጡት ከነበረው የማርያም ጽዋ ማኅበር ወጡ፤ ቂም ይዞ ጽዋ አይጠጣምና የማኅበሩ ሙሴ ወይ ታረቁ ወይ ውጡ ብለዋቸው ነበር።

እኔና እሱ የተዋደድነው ቢቸና ሁለተኛ ደረጃ ስንማር ነው። እንደማንኛውም የገጠር ተማሪ ቤት ተከራይተን፣ ዓርብ ማታ በእግራችን አገር ቤት ገብተን፣ እሑድ የሳምንቱን ስንቅ ተሸክመን እንመለሳለን። ሐሙስ ሲደርስ የእኔ እንጀራ ይሻግታል፤ የእሱ በሶ ግን አይበላሽም። በእኔ ጣሳ በጥብጠን ለሁለት እንጠጣዋለን። ቤታችን ውስጥ ስሟ እንኳ የማይጠራ ሴት የቆላችውን ገብስ እየጠጣሁ፣ ጨው እንደምታበዛ ፊቷን ከማወቄ በፊት አወቅሁ።

አንድ ሰው አይቶን ለአባቴ ነገራቸው። በዚያው ዓመት ለሌላ ወረዳ ሰው ተዳርኩ። ዕድሜዬ ደርሶ ነበር፤ ፈቃዴን የጠየቀኝ ግን አልነበረም። እሱም አንዲት ቃል አልተናገረም። ከባሌ ጋር ለጥቂት ዓመታት ያለ ልጅና ያለ ብዙ ጭቅጭቅ ኖረን ተፋታን። ከንብረቱ በደረሰኝ ድርሻ የልብስ ስፌት መኪና ገዝቼ ቢቸና ሱቅ ከፈትኩ።

በእኛ አገር ፈት ሴትን ሰው ዝቅ አድርጎ ያያታል፤ እኔ ግን ፈት በመሆኔ የተጠቀምኩትን ያህል በምንም ነገር አልተጠቀምኩም። የመጀመሪያው ጋብቻ የወላጅ ነው፤ ክብሩም ኪሳራውም የእነሱ ነው። ሁለተኛው የራስ ነው። ዕዳዬን ከፍዬ የወጣሁ ሴት ስለሆንኩ አባቴ እንደ ልጅነቴ ሊያዙኝ አልቻሉም፤ ይህንንም እሳቸው ከእኔ ቀድመው ነው የተረዱት።

እሱ መምህር ሆኖ ነበር። ሱሪ ለማሳጠር ብሎ ሱቄ መጣ። ሱሪው ልክ ነበር። ለክቼ ነገርኩትና «እንግዲያው አስረዝሚው» አለኝ።

ከቤተሰብ በፊት የእኛን ሒሳብ ማወራረድ ነበረብን። እንደኛ ዓይነት ጥንዶች ይህን ሲዘሉት አይቻለሁ፤ በዘመድ ተቃውሞ ስለተለያዩ እርስ በርስ በደል ያለባቸው አይመስላቸውም። «ስዳር ለምን ዝም አልክ?» ብዬ ጠየቅኩት። «ምን ማድረግ እችል ነበር?» አለኝ። ምንም ማድረግ እንደማይችል አውቃለሁ፤ አንድ ነገር ማለት ግን ይችል ነበር። በዚህ ጉዳይ ክረምቱን ሙሉ ተነጋገርንበት፤ አንዳንድ ቀን ሱቁን ዘግቼበት ሄጃለሁ። በመጨረሻ ያሳመነኝ ይቅርታው አልነበረም። የርእሰ መምህሩን ቁጣ ከቁም ነገር ሳይቆጥር በስብሰባ መሃል ተነስቶ ለአንዲት ባልደረባው መመስከሩን ከሌላ ሰው ሰማሁ። አፍ አውጥቷል አልኩ።

ጓደኞቻችን «አዲስ አበባ ኮብልሉና ልጅ ወልዳችሁ ተመለሱ» ይሉን ነበር። ይህ ምክር በታሪክ ውስጥ ያምራል። ክንዱ የተሰበረ ወንድም ላላት ሴት ግን የሚያመጣው መዘዝ ግልጽ ነው፤ እኛ አዲስ አበባ ስንደርስ ወንድሜ የእሱን ቤተሰብ ሾላው ሥር ቆሞ ይጠብቃል።

መንገዱን የከፈተው የመሬት ልኬታ ነው። ሁለተኛው ዙር ምዝገባ እኛ ዘንድ ሲደርስ እያንዳንዱ ማሳ በካርታ ይነሳ ጀመር፤ ለዚህም አዋሳኞች በቦታው ተገኝተው ድንበሩን አብረው ማሳየት አለባቸው። ለዓመታት ፊት ለፊት ያልቆሙት ሁለቱ አባቶቻችን በግድ አንድ ድንበር ላይ ሊቆሙ ነው ማለት ነው። ከዚያ ቀን በፊት መታረቅ ካልተቻለ በዚያ ቀን ሌላ ክንድ ይሰበራል ብዬ ፈራሁ፤ ፍርሃቴንም ሳልደብቅ ለሰው ሁሉ ነገርኩ። ሽማግሌ የሚነሳው ለፍቅር ብሎ ሳይሆን ደም እንዳይፈስ ብሎ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት እናቴ ዘንድ ነው። እሳቸውም ሽማግሌዎች እስከዚያ ድረስ ያላገኙትን ነገር ጎመን እየቀነጠሱ ነገሩኝ፦ «አባትሽን የሚያንገበግበው መሬቱ አይደለም። ያኔ በስብሰባው ላይ ሰውየው እጁን ማውጣቱ ነው።» ቢሮክራት ማን እንደሆነ በስብሰባ ሲወሰን የባለቤቴ አባት ከሌላው ጋር እጃቸውን አንስተው ነበር። ሁለቱ ከልጅነት ጀምሮ በወንፈል አብረው ያረሱ ሰዎች ናቸው። እስከዚያ ጊዜ የተቀመጡት ሽምግልናዎች በሙሉ ድንበር ሲያካልሉና ካሳ ሲቆርጡ ነው የኖሩት፤ ስለዚያ እጅ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

ይህን ለሁለቱም ቤት የንስሐ አባቶች ነገርኩ። ሽማግሌ ሲመረጥ አንደበተ ርቱዕ ሰው መፈለግ የተለመደ ነው፤ እኔ የፈለግኩት ግን ከሁለቱም ቤት ብድር የሌለበት፣ በሬም ያልተዋሰ፣ ልጅም ያልዳረ ሰው ነው። በትንሽ አገር እንዲህ ዓይነት ሰው ማግኘት ከባድ ስለሆነ አንዱን ከሌላ ደብር አስመጣን። ወንድሜን ደግሞ ለብቻው አስቀድመው እንዲያነጋግሩት ለመንኳቸው። ሌሎች ሲታረቁ በእሱ ክንድ ላይ እንደተረማመዱ ከተሰማው እርቁ አይጸናም።

አንደኛው ሽማግሌ ስለ እኛ ሰምተው ኖሮ «ታዲያ ምን ያደክመናል? ልጆቹን አጋብተን ጠቡን እንግደለው» አሉ። ከልባቸው ነው ያሉት፤ ብዙ ጠብ እንዲህ ይበርዳል። እኔ ግን እምቢ አልኩ። ጋብቻው የእርቁ ዋስ ከሆነ ወጥ ባሳርርኩ ቁጥር የሁለት ቤት ጠብ ሊቀሰቀስ ነው፤ ብንፋታ ደግሞ ዱላው ይመለሳል። ዋስ የሚሆን ጎልማሳ ሞልቶ ሚስት በዋስነት አትያዝም። ሽማግሌው «አንቺ ልጅ፣ አፍሽ እንደ አያትሽ ነው» ብለው ሳቁና ተቀበሉኝ።

ሽምግልናው የተቀመጠው በቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ውስጥ፣ የጥድ ጥላ ሥር ነው። ሴቶች ስላልተቀመጡበት ከግቢው ቅጥር ውጭ ሆነን ነው የሰማነው። ግራ ቀኙ እስኪጨርስ ማንም እንዳያቋርጥ ተባለ። አባቴ ስለ ድንበሩ፣ ስለ ክንዱ፣ ተበድሮ ስላልተመለሰ ሞፈር ሁሉ ተናገሩ። ከዚያ ከሌላ ደብር የመጡት ሽማግሌ «የቀረ አለ?» ሲሉ ዝም አሉ። «ስለ እጁስ?» አሏቸው። አባቴ «መሬቱን የወሰደው መንግሥት ነው። የእሱን እጅ ግን መንግሥት አላነሳውም» አሉ። ባላጋራቸው ረጅም ጊዜ ወስደው «ሁሉም ሲያነሳ አነሳሁ። ባላነሳ ቢሮክራት እባል ነበር። ዝቅ ሳደርገው ግን አንተ ትታየኝ ነበር» ብለው መለሱ። የባለቤቴ እናት አጠገቤ ቆመው ነበር። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰላም ያሉኝ።

ለክንዱ ካሳ ተቆረጠ፤ ወንድሜ ከካሳው ከፊሉን በሽማግሌዎቹ ፊት መለሰ። የባለቤቴ አባት እንደ ባህሉ ድንጋይ በማጅራታቸው ተሸክመው ጎንበስ ብለው ቀረቡ፤ አባቴም ድንጋዩን አነሱላቸው። ከየወገኑ ዋሶች ተጠሩ፤ ከእንግዲህ ድንበር የገፋ ወይም ዱላ ያነሳ ለዋሶቹ ይከፍላል ተባለ። በልኬታው ቀን ሁለቱም ተገኝተው፣ ስለ አንዲት ጉቶ ትንሽ ተነታርከው፣ ፈረሙ።

የእኔ ሽማግሌዎች የመጡት ከእርቁ ብዙ ወራት ቆይቶ ነው። በማለዳ መጥተው በራፍ ላይ ቆሙ። አባቴ «ለምን መጣችሁ?» ብለው ጠይቀው፣ መልሱን እያወቁ፣ ከሚገባው በላይ አቆሟቸው። ደስ እያላቸው ይመስለኛል። አክስቴ እስከ ሰባት ቤት ቆጥራ ዝምድና እንደሌለን አረጋገጠች። በሰማንያ ስንጋባ የእኔን ስፌት መኪናና ሱቅ የግሌ ብለን ጻፍን፤ ሾላው ሥር ያለው ማሳ በማንኛውም መንገድ ወደ ጋብቻችን እንዳይገባ ደግሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር አሰርነው። ዘመዶቻችን ይህ መስመር ተገቢ አይደለም ብለው አጉረመረሙ። ለእኔ ግን የውሉ ትልቁ ክፍል እሱ ነው።

ሁሉም ነገር ተስተካክሏል ማለቴ አይደለም። ወንድሜ ለፋሲካ ቤታችን ይመጣል፤ የባለቤቴ አጎት ካለ ግን ቆሞ ጠላ ቀምሶ ይወጣል። ባለፈው ዓመት ደግሞ አማቴ ድንበሩ አጠገብ ባሕር ዛፍ ተከሉና ሥሩ ጤፌን ሊያደርቀው ነው ብለው አባቴ ተቆጡ። ሁለቱም በየተራ ሱቄ መጡ፤ አንዱ «ለአባትሽ ንገሪው»፣ ሌላው «ለአማትሽ ንገሪው» አሉኝ። ለሁለቱም ሻይ አቅርቤ የዋሶቹን ስም ነገርኳቸው። ባሕር ዛፉ ከድንበሩ ራቅ ብሎ እንደገና ተተከለ፤ ዋሶቹም ሁለቱንም ጠላ አስጠመቋቸው።