ቡፌው 9,000 ብር፣ ማስገቢያው 11,000

አሮጌ ዕቃ መግዛት ቀላል ነው። ጉዱ ያለው ቤት ማስገባቱ ላይ ነው። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ብዙ ብርና ብዙ ንዴት ይቀርልኝ ነበር። የነገረኝ ግን የለም። ስለዚህ እኔ ለእናንተ ልንገራችሁ።

የምሰበስበው የ1940ዎቹን፣ የ50ዎቹንና የ60ዎቹን የቤት ዕቃ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር። አፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም ሲመረቅ ደህና ደሞዝ የነበረው የአዲስ አበባ ሰው ሳሎን ምን ይመስል እንደነበር አስቡት። ቀጫጭን እግሮቹ ወደ ውጭ ዘንበል ያሉ ኮመዲኖ፣ ተንሸራታች መስታወት ያለው ቡፌ፣ ፎርማይካ የለበሰ ጠረጴዛ፣ እስኪሞቅ ድረስ ድምፅ የማያወጣ ፊሊፕስ ወይም ግሩንዲግ ሬዲዮ። እኔ የምሞተው ለእነዚህ ነው። ብዙ ሰው ግን ለቁራሌው ሸጦ በምትኩ ቺፑድ ይገዛል። ያ ቺፑድ ደግሞ መወልወያ ውሃ በነካው ቁጥር እንደ ዳቦ ሊጥ ኩፍ ይላል።

የድሮው ብዙ ጊዜ ዋንዛ ነው። ዋንዛ ዛሬ እንደ ልብ አይገኝም። በ1986 ዓ.ም የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን ከኮሶ፣ ከጥድና ከዝግባ ጋር ያለ ፈቃድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። ስለዚህ አንድ የተሰባበረ የዋንዛ መሳቢያ እንኳ ስታገኙ አትናቁት።

የት ይገኛል ለምትሉኝ፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ በጠዋት ሂዱ። የሰፈራችሁን ልዋጭና ቁራሌው ተወዳጁ፤ ስልካችሁን ስጧቸው። ቴሌግራም ላይ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጡትን ተከታተሉ። መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ አውጥታችሁ ጥጉን እዩ፤ እንጨቱ እርስ በርሱ ተሰካክቶ ከሆነ ጥሩ ነው፣ በምስማር ብቻ ተመትቶ ከሆነ ዋጋው ይቀንስ። ሥሩ ላይ ደቃቅ ዱቄት ካያችሁ እንጨት የሚበላው ትል ምናልባት አልሞተም። ለማረጋገጥ ጋዜጣ አንጥፉበትና ጥቂት ሳምንት ጠብቁ። አዲስ ዱቄት ከወረደ ነዋሪ አለው። ጨርቅ የለበሰ ሶፋ የቱንም ያህል ቢያምር አትንኩ። ትኋን ቤት ከገባ ከቡፌውም ከእናንተም ቀድሞ አያረጅም። ብራናና የቤተ ክርስቲያን መስቀል የሚያቀርብላችሁ ሰው ካለ ደግሞ ዞር በሉ። ከየት እንደመጣ መገመት አያቅትም።

እንግዲህ ወደ ቡፌው።

በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ካዛንቺስ ሲፈርስ፣ ለዘመናት ከግድግዳ ያልተነቀለ ዕቃ በአንድ ጊዜ ደጅ ወጣ። ሁለት ክፍል ኮንዶሚኒየም የሚገባ ሰው ግድግዳ ሙሉ ቡፌ የት ያቆመዋል? እውነቱን ለመናገር የሰው ቤት ሲፈርስ ዕቃ ለመልቀም መሄድ ደስ አይልም። እኔም ደስ አላለኝም። ግን ባልሄድ ቡፌው ማገዶ ነበር የሚሆነው። የቡፌው ባለቤት እማማ 9,000 አሉኝ፤ 9,000 ሰጠኋቸው። እንዲህ ካለ ቤት ስትገዙ አትከራከሩ፤ ነውር ነው። መኪና ላይ ከመጫኑ በፊት በነጠላቸው ጫፍ መስታወቱን ወለወሉትና "የሰርጌ ነው፣ ስኳር በዚህ በኩል ነበር የማስቀምጠው" ብለው ቀኙን መሳቢያ አሳዩኝ። ከፍቼ አሸተትኩት። የቅርንፉድ ሽታ ነበረው። አሁንም አለው።

ሁለት የአክስቴን ልጆች ይዣለሁ፤ ሁለቱም ጉልበታሞች ናቸው። ገመድም ብርድ ልብስም አለን። መኪናው ገና በራችን ላይ ሳይቆም የሰፈሩ ጫኝና አውራጅ ልጆች ከበቡን።

"እህታችን፣ ስንተኛ ፎቅ ነው?"

"ሦስተኛ። ግን ሰው ይዣለሁ።"

"ሰው መያዝ የሚባል ነገር የለም። እኛ በማኅበር ተደራጅተን ነው የምንሠራው።"

"እሺ፣ ስንት?"

"አሥራ ሁለት።"

"አሥራ ሁለት መቶ?"

ሳቁ። ሺህ ማለታቸው ነው። ቡፌውን ከገዛሁበት በላይ!

የአክስቴ ልጅ ገመዱን መፍታት ሲጀምር አንዱ መጥቶ እጁን ያዘው። "ብራዘር፣ ገመዱን ከነካህ እንጣላለን" አለው፤ ድምፁን እንኳን ከፍ አላደረገም። ሾፌሩ ደግሞ የሞተሩን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ "እኔ ሌላ ጭነት አለኝ፣ በሰዓት ነው የማስከፍልሽ" ይለኛል። ጥበቃው ዞር ብሎ ስልኩን ያያል። ጎረቤቶቼ በረንዳ ላይ ወጥተው ሲኒማ እንዳየ ሰው ይመለከታሉ። ሁሉም ቁም ሳጥን ባስገባበት ቀን ይህን ጽዋ ጠጥቷል፤ ማንም ግን ትንፍሽ አላለም።

ለሚመለከተው ቢሮ ደወልኩ። ያነሳው ሰውዬ ትሑት ነው። "መመሪያው ግልጽ ነው እህቴ፣ ባለንብረት በራሱ ማውረድ ይችላል። መብትሽ ነው፣ አውርጂ" አለኝ። "እሺ፣ መጥተው ይህንኑ ይንገሩልኝ" አልኩት። "አሁን ከሥራ ሰዓት ውጭ ነው፣ ነገ ብቅ በይ" ብሎ ዘጋው። መብቴን በስልክ ተቀብዬ ከአምስት ጎረምሳ ጋር ተፋጥጬ ቆምኩ።

ልጆቹ ነጋዴ ናቸው፤ ዋጋውን ለሁለት ከፈሉልኝ። ከመኪና መሬት ማውረድ 4,000፣ ከመሬት ሦስተኛ ፎቅ 8,000። የመጀመሪያውን ከፈልኩ፤ ሾፌሩም ሄደ። ቡፌው ጥበቃ ቤቱ አጠገብ በላስቲክ ተሸፍኖ አደረ። የመስከረም ዝናብ ደግሞ ያን ሌሊት የቀረውን ሁሉ አወረደው። ስንት ጊዜ በመስኮት እንዳየሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

ጠዋት ቢሮ ተገኘሁ። ትሑቱ ሰውዬ ማመልከቻ ጻፊ አለኝ፤ ጻፍኩ። አነበበና "እነዚህን ያደራጃቸው እኛ አይደለንም፣ ታች ነው" አለኝ። ታች ወረድኩ። ታች ያለችው ልጅ "የጸጥታ ጉዳይ ከሆነ ላይ ነው" አለችኝ። ላይ ወጣሁ። አሁን ሌላ ሰው ተቀምጧል።

"የከፈልሽበት ደረሰኝ አለ?"

"ደረሰኝ አይሰጡም እኮ፤ የመጣሁትም ለዚሁ ነው።"

"ደረሰኝ ከሌለ መክፈልሽን በምን እናረጋግጣለን? የዕቃውስ ደረሰኝ?"

"የምኑ?"

"የቡፌው። ንብረቱ ያንቺ ለመሆኑ ማስረጃ ያስፈልጋል።"

ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ ቡፌ ነው። ደረሰኝ! "እንዲህ ያለ አሮጌ ዕቃ የተሰረቀም ሊሆን ይችላል" ብሎ ጨመረልኝ። ልከስ ሄጄ ተጠርጣሪ ሆኜ ወጣሁ። ይህንን ስጽፍ ራሱ ደሜ ይፈላል። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ሻይ እንኳ ጋብዞኛል። ግን ጠረጴዛው ላይ ያለው መመሪያ ከበሩ ውጭ እንደማይሠራ እሱም ያውቃል፣ ልጆቹም ያውቃሉ። የማያውቀው ዕቃ ጭኖ የሚመጣው ሰው ብቻ ነው።

በመጨረሻ 7,000 ከፍዬ አስወጣሁት። ድምሩ 11,000። ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ሲያዞሩት የኋላው እግር ከሥሩ ተቀነጠሰ። አለቃቸው የተሰበረውን አንስቶ አቀበለኝና "እህታችን፣ አሮጌ ስለሆነ ነው" አለኝ።

አሁን እንዴት ነው የማደርገው? መመሪያው "ራሳችሁ አውርዱ" ይላል። እኔ ደግሞ ጨለማ ላይ፣ ከተጫነ መኪና ሥር ቆማችሁ መብታችሁን ለማስከበር አትሞክሩ እላለሁ። ሾፌሩም ጨለማውም ከእነሱ ጋር ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ባዶ እጃችሁን ሂዱና ከአለቃቸው ጋር ተነጋገሩ። ዕቃ ሳይኖር ዋጋው ሌላ ነው። በምስክር ፊት ተስማሙ፣ የተስማማችሁትን በስልክ ቅረጹ፣ ቀብድ አትስጡ። ቢሮ መሄድ ካለባችሁም ዕቃው ከመምጣቱ በፊት ሂዱና ደብዳቤ አስጽፉ፤ በኋላ ዋጋ የለውም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን መፍታት ነው። የዚያ ዘመን ዕቃ ለመፈታት ይመቻል። እግሮቹ በቪቴ የታሰሩ ናቸው፤ መሳቢያ ይወጣል፣ መስታወቱ ከሐዲዱ ተነስቶ ይወጣል፣ የጀርባው ኮምፔንሳቶ ይነቀላል። ካቻቪቴ ይዛችሁ ሻጩ ቤት ፍቱት። እያንዳንዱን ቪቴ ከየት እንደወጣ ጽፋችሁ በፌስታል አስቀምጡ። ከዚያ እግሩን ዛሬ፣ መሳቢያውን ነገ፣ በታክሲ ኮፈን አስገቡ። በዚህ መንገድ አንድ ሙሉ ቁም ሳጥን አስገብቻለሁ፤ ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ኩራቴ ነው!

አናጢም ሌላ ፈተና ነው። የተሰበረውን እግር ይዤ የሄድኩበት ሰው ሙያው ያስደንቃል፣ ግን ቡፌውን ባየ ቁጥር እጁን ያሳክከዋል። "ልላገውና በጥቁር ቫርኒሽ አዲስ ላስመስልልሽ" ይላል። አዲስ ብፈልግ አዲስ እገዛ ነበር። በብርጭቆ ወረቀትም እንዳይነካው ለመንኩት። አዲሱ እግር ምናለሽ ተራ ካገኘሁት የተሰበረ የዋንዛ አልጋ ተሠራ፤ ከሌሎቹ ሦስቱ የትኛው እንደሆነ ብትለዩ ቡና በእኔ። እናንተም አናጢው ሲሠራ አጠገቡ ቁሙ። "ነገ መጥተሽ ውሰጂ" ከተባላችሁ፣ የምትወስዱት የሚያብረቀርቅ ሌላ ዕቃ ነው።

ማጽዳቱን እቤት ጨርሱት። መጀመሪያ ደረቅ ጨርቅ፣ ከዚያ በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ፣ ሲደርቅ በጣም ስስ አድርጎ የተልባ ዘይት፣ ወዲያው መወልወል። ዘይቱ በደንብ እስኪደርቅ ቀናት ይፈልጋል፤ አትቸኩሉ። የወለወላችሁበትን ጨርቅ ግን ጨምድዳችሁ ጥግ አትጣሉ። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተጨመደደ ጨርቅ ራሱን በራሱ ሊያነድድ ይችላል። ዘርግታችሁ ደጅ አስጡት።

ሬዲዮ ከገዛችሁ ሻጩ "ሰክተሽ ሞክሪው" ቢልም አትሰኩ። ከጀርባው ያለው የቮልቴጅ መምረጫ 110 ወይም 127 ላይ ሊሆን ይችላል፤ የእኛ 220 ነው። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮችም ዓመታት ተኝተው አርጅተዋል። መጀመሪያ የድሮ ሬዲዮ የሚያውቅ ጠጋኝ ይየው። እንዲህ ያሉ ጠጋኞች ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ካገኛችሁ ስልካቸውን ያዙ፣ በዓል ሲመጣ ደውሉላቸው።

የደረሰኙን ነገር ደግሞ ተምሬበታለሁ። አሁን አንዲት በርጩማ እንኳ ስገዛ ሻጩን ወረቀት ላይ አስፈርማለሁ፤ የዕቃው ዓይነት፣ ዋጋው፣ ቀኑ፣ ሁለት ምስክር። እማማም ጋ ተመልሼ ሄጄ አስፈርሜያለሁ። ከት ብለው ሳቁብኝና "የሰርጌን ቡፌ ለመሸጤ ምስክር አምጪ ብለውሽ ነው?" አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ምስክር የሆኑት አዲሶቹ ጎረቤቶቻቸው ናቸው፤ ቡፌውን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። ወረቀቱ ግን ሙሉ ነው።