«ከምሽቱ 6:00» ብሎ የጻፈው ሮቦቴ ያስከፈለኝ

ይሄን የምጽፈው እኔን ማንም ስላላስጠነቀቀኝ ነው። የጉዞ ወኪል ቢሮ የምትሠሩና ቡኪንግ የሚቆጣጠር ስክሪፕት (እኔ ሮቦት የምለው ትንሽ ፕሮግራም) ልጻፍ ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ አንብቡት። ኮዱ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ኮዱ ቀላል ነው። እኔን የበላኝ ሰዓት ነው፣ ይሄ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ሰዓት።

ቢሮአችን አዲስ አበባ ቦሌ አካባቢ ነው፣ አራት ሆነን ነው የምንሠራው። ብዙ ቡኪንግ እንይዛለን፣ ቲኬት የሚቆረጥለት ግን ግማሹም አይሞላም፣ ምክንያቱም ሰው መጀመሪያ «ያዝልኝ» ይላል ከዛ ብር ይፈልጋል ከዛ ወንድሙን ያማክራል ከዛ ደግሞ ጎረቤት ቢሮ ሄዶ ዋጋ ይጠይቃል። እያንዳንዱ ፒኤንአር (የቡኪንጉ መዝገብ) ግን ቲኬት የሚቆረጥበት ዴድላይን አለው። ካለፈ አየር መንገዱ ይሰርዘዋል። ሳይሰረዝ ቀርቶ ወንበሩ ባዶውን ከበረረ ደግሞ ኤዲኤም ይመጣል። ለማታውቁት፣ ኤዲኤም ማለት አየር መንገዱ ለወኪሉ የሚልከው የዕዳ ቢል ነው፣ በቢኤስፒ ሊንክ፣ ማለትም የአየር መንገዶችና የወኪሎች ሂሳብ በሚያልፍበት ሲስተም ነው የሚገባው፣ አይታችሁ ለመከራከር ቢያንስ 15 ቀን አላችሁ፣ ከተረታችሁ ከሚቀጥለው ክፍያ ጋር ተደምሮ ይወሰዳል። መንገደኛው ጉዞውን ከጨረሰ እስከ 9 ወር ድረስ ሊመጣ ስለሚችል ደንበኛውን ራሱ ከረሳችሁት በኋላ ነው የሚደርሳችሁ።

በፊት ዴድላይኖቹን የምንጽፈው ደብተር ላይ ነበር። አንድ ቀን ደብተሩ ላይ ቡና ፈሰሰበትና በቃ፣ እኔ እሠራዋለሁ አልኩ።

አሠራሩ በአጭሩ ይሄ ነው። የሪዘርቬሽን ሲስተሙ ውስጥ ባለው ማክሮ (ትእዛዞችን በራሱ የሚደጋግም) ኪዩ (ወረፋ) ላይ ያሉትን ፒኤንአሮች አንድ በአንድ አስከፍቼ ጽሑፋቸውን ፋይል ላይ አስቀምጣለሁ። በፓይተን ቋንቋ የጻፍኩት ኮድ ያነበዋል። የሞተ ሴግመንት (በቡኪንጉ ውስጥ ያለ አንድ በረራ) ካለ፣ ማለትም ኤችኤክስ፣ ዩኤን ወይ ኖ የሚል፣ ወንበሩ የለም የሚል ስታተስ ይዞ የተቀመጠ ካለ፣ ይነግረናል፣ እነዚህን ከበረራው 24 ሰዓት በፊት ካላጸዳችሁ የሚቀጡ አየር መንገዶች አሉ። የመንገደኛው ስልክ ካልገባ ይነግረናል፣ ከ2019 ጀምሮ ወኪል መንገደኛውን ስልክና ኢሜይል ጠይቆ የማስገባት ግዴታ አለበት፣ እንቢ ካለም እንቢ ማለቱን መጻፍ አለበት። ፓስፖርት ቁጥር ካልገባ ይነግረናል። ከዛ ዴድላይኑን አንብቦ ለኛ በቴሌግራም ለደንበኛው በቴክስት ይልካል። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ፣ ያውም ማታ ማታ።

ዴድላይኑን ማንበብ ራሱ አንድ ሥራ ነው። አንደኛ፣ ዴድላይን አንድ አይደለም ሁለት ነው። ፌር ሩሉ (የቲኬቱ ዋጋ ደንብ) ላይ «ቡክ በተደረገ በ72 ሰዓት ውስጥ» ምናምን የሚል አለ፣ አየር መንገዱ ደግሞ ለብቻው መልእክት ይልካል፣ ከሁለቱ የሚቀድመው ነው የሚገዛችሁ። ትሬኒንግ ላይ «የአየር መንገዱን መልእክት ተከተሉ» ብለው አለፉት፣ ይሄ ግማሽ እውነት ነው፣ እኔ ሮቦቱ ሁለቱንም አንብቦ የቀደመውን እንዲይዝ አደረግኩት። ሁለተኛ፣ መልእክቱን እያንዳንዱ አየር መንገድ እንደፈለገው ነው የሚጽፈው። አንዱ በጂኤምቲ፣ አንዱ በራሱ ከተማ ሰዓት፣ አንዱ በመነሻ ከተማ ሰዓት፣ አንዱ «ዙሉ» የምትባለዋን ዜድ ፊደል ብቻ ለጥፎ ዝም ይላል፣ እሷም ያው ጂኤምቲ ናት። ዓመተ ምህረት አይጽፉም፣ ቀንና ወር ብቻ። እኔ ይሄን ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ሰዓት ቀየርኩት፣ ጂኤምቲ ሲደመር 3፣ በበጋና በክረምት የሚቀየረውን የአውሮፓ ሰዓት ሳይቀር። ኮርቼ ነበር። አለቃዬን ጠርቼ «እዪው፣ የፍራንክፈርትን ሰዓት ራሱ አውቆ ይቀይረዋል» ብያታለሁ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

የፍራንክፈርትን ሰዓት የሚያውቀው ሮቦት የአበሻን ሰዓት አያውቅም ነበር።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ዲቪ የደረሳቸው ቤተሰብ መጡ፣ አባት እናትና ሦስት ልጆች፣ ወደ ዋሽንግተን፣ የአንድ ጉዞ ብቻ። ቪዛቸው ሊያልቅ 19 ቀን ቀርቶታል። ትራንዚት ያለው በረራ ላይ በጣም ርካሽ ክላስ አገኘሁላቸው፣ ኤል ክላስ፣ አምስት ወንበር። የየትኛው አየር መንገድ እንደሆነ ይቅር። ብሩን የሚልከው ቨርጂኒያ ያለው የእናትየው ወንድም ነው፣ «ነገ ለምሳ ሲወጣ ይልካል» አሉኝ። ችግር የለም፣ ሮቦቱ ያስታውሳችኋል አልኳቸው። ሮቦቱም አስታወሳቸው።

የአየር መንገዱ ዴድላይን ወደ አዲስ አበባ ሲቀየር በማግስቱ 18:00 ነበር። የኔ ኮድ 18:00ን ላይብረሪው (ሌሎች የጻፉት ዝግጁ ኮድ) በሚያውቀው በ12 ሰዓት አቆጣጠር 6:00 አደረገው፣ ከዛ እኔ ራሴ በአማርኛ እንዲሆን ብዬ የጨመርኩት መስመር አለ፣ ሰዓቱ ከ18 ከጀመረ «ከምሽቱ» በል የሚል። አባትየው ስልክ ላይ የደረሰው እንዲህ ይላል፦ «የ5 ሰው ቲኬት ክፍያ ነገ ከምሽቱ 6:00 ሰዓት ድረስ ካልተፈጸመ ቡኪንግዎ ይሰረዛል።»

ከምሽቱ 6 ሰዓት። እስቲ ማነው ይሄን አንብቦ 12 ሰዓት የሚለው? ማንም። እኩለ ሌሊት ነው።

ብሩ ከቨርጂኒያ የገባላቸው ምሽት 1 ሰዓት ላይ ነው፣ እዛ ቀትር ነው። አባትየው ተረጋግተው እራታቸውን በልተው፣ ሦስት ሰዓት ከአስር ላይ ወደኛ አካውንት አስተላልፈው ስክሪንሾቱን በቴሌግራም ላኩልኝ፣ ከስር «ልጄ፣ ሦስት ሰዓት ሲቀረው አስገብተናል፣ ተመስገን» የሚል አለበት። እኔ ቤት ነበርኩ። ላፕቶፑን ከፈትኩ። አምስቱም ስም አለ፣ ሴግመንቶቹ ሁሉ ኤችኤክስ። ከሦስት ሰዓት በፊት ተሰርዟል። መጀመሪያ ሰውየውን ነው የተናደድኩባቸው፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ «ተነግሯቸው እንዴት ያሳልፋሉ» አልኩ። ደወልኩላቸው፣ «ጋሼ፣ አርፍደዋል እኮ» ስላቸው «ኧረ ገና ሦስት ሰዓት ነው፣ አንተ ራስህ ስድስት አይደል ያልከው» አሉኝ። መልእክቱን ራሴ ከፍቼ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው ነው የገባኝ፣ ሰውነቴ በላብ ተጠመቀ።

አሁን በጣም የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ፣ ከዛ በፊት ለሦስት ሳምንት ምልክቱ ነበር። 15:00 ሲሆን ሮቦቱ «ከሰዓት 3:00» ይል ነበር፣ 9:00 ሲሆን «ጠዋት 9:00»። እነዚህ በኛ አቆጣጠር ትርጉም ስለሌላቸው ሰው ግራ ገብቶት ይደውላል፣ ካውንተር ላይ ያለችው ልጅ በአፏ ታስረዳዋለች፣ ያልፋል። እንዲያውም መጥታ «ደንበኞቹ መልእክትህ አይገባቸውም» ብላኛለች። እኔ ምን አልኳት? «ያንብቡት።» 18:00 ግን ስህተቱ ስህተት የማይመስልበት ሰዓት ነው፣ «ከምሽቱ 6» ጥርት ያለ አማርኛ ነው፣ ማንም አይደውልም። ልጅቷን ይቅርታ ጠይቄያለሁ፣ ምሳ ጋብዣታለሁ፣ አሁንም ታነሳብኛለች።

በማግስቱ በጠዋት አየር መንገዱ ጋ ደወልኩ። ሃያ ምናምን ደቂቃ ሙዚቃ ሰማሁ። ያነሳው ሰውዬ «ወንድሜ፣ ሲስተሙ ነው የሰረዘው» አለኝ። አውቃለሁ ሲስተሙ ነው፣ ሲስተሙን መልሱልኝ ነው የምልህ። «ኢሜይል ጻፍ» አለኝ። ጻፍኩ፣ ስክሪንሾት አያይዤ፣ ሕፃናት አሉ፣ ቪዛ ያልቃል ብዬ። መልሱ የመጣው በአራተኛው ቀን ነው፣ ሁለት መስመር፣ አይቻልም የሚል፣ የቡኪንግ ኮዱን ራሱ አሳስተው ጽፈውት። ሕጉ ከነሱ ጋር እንደሆነ አልክድም። ግን አራት ቀን ለ«አይቻልም»?

እስከዛ እኔ እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም፣ ብቀመጥ ይሻል ነበር። ኤል ክላስ ላይ አራት ወንበር ብቻ ቀርቷል፣ እኛ አምስት ነን። አምስቱን በአንድ ፒኤንአር ከጠየቃችሁ ሲስተሙ አምስቱንም ወደ ውዱ ክላስ ነው የሚወስዳቸው። ስለዚህ አራቱን በኤል ያዝኩ፣ አንዱን በውዱ። አለቃዬ «ትንሽ ጠብቅ፣ አንድ ወንበር ሊለቀቅ ይችላል» አለችኝ። ዴድላይኑ ሲደርስ ሰረዝኩና መልሼ ያዝኩ። አሁንም ደረሰ፣ ሰረዝኩ፣ ያዝኩ። አባትየው ቀን ቢቀየርስ አሉ፣ ሌላ ቀን ያዝኩ፣ ሰረዝኩ፣ ወደ መጀመሪያው ተመለስኩ። በሁለት ቀን ስንቴ እንደሆነ አልቆጠርኩም። አየር መንገዱ ግን ቆጥሯል።

በመጨረሻ አራት በኤል አንድ በውዱ ቆረጥን፣ ልዩነቱን ቢሮው ከፈለ፣ ማለትም ግማሹን ከኔ ደሞዝ። ቤተሰቡ ቪዛው ሳያልቅ ገቡ። አለቀ ብዬ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ ኤዲኤም መጣ። ምክንያት፦ ቸርኒንግ። አንድን መንገደኛ አንድ በረራ ላይ ዴድላይን ለማምለጥ ደጋግሞ መያዝና መሰረዝ ማለት ነው፣ ወኪሎች በጣም የሚቀጡበት ጥፋት ነው፣ እኔም አውቀው ነበር፣ እንዲያውም ሮቦቱ እንዲይዘው የጻፍኩት ቼክ አለ። ግን ቼኩ የሚያየው ኪዩ ላይ ያለውን ነው፣ እኔ በእጄ የሠራሁትን አላየም። ተከራከርኩ፣ «ስህተቱ የትርጉም ነው» ብዬ በእንግሊዝኛ ስለ ኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩላቸው፣ ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ጠዋት ሲነጋ እንደሆነ ሁሉ። አልተቀበሉትም። በነሱ ቦታ ሆኜ ሳየው እኔም የምቀበለው አይመስለኝም፣ ግን የተናደድኩት አሁንም አልበረደልኝም።

ማስተካከያው ራሱ አንድ መስመር ነው፣ ያ ነው የሚያቃጥለው። ከሰዓቱ 6 ቀንሱ፣ ለ12 አካፍላችሁ ቀሪውን ውሰዱ። 13:00 ሰባት ይሆናል፣ 7:00 አንድ ይሆናል። 18:00 ግን ዜሮ ይሆናል፣ ዜሮን 12 በሉት፣ እኔ መጀመሪያ ረስቼው ለአንድ ደንበኛ «ምሽት 0 ሰዓት» የሚል ሄዷል፣ ደውለው ስቀውብኛል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። በፈረንጅ ረቡዕ 01:00 የሚባለው ለኛ ማክሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት ነው፣ ወይ «ለረቡዕ አጥቢያ»፣ ሮቦቱ «ረቡዕ ሌሊት 7 ሰዓት» ካለ ሰው አንድ ቀን ሙሉ ይሳሳታል። በ21:00 ጂኤምቲ የሚያልቅ ዴድላይን በሙሉ እዚህ ወጥመድ ውስጥ ነው የሚወድቀው፣ አዲስ አበባ ላይ እኩለ ሌሊት ነውና። እኔ ይሄን ለማስረዳት አልሞክርም፣ ከእኩለ ሌሊት እስከ ጠዋት 3 የሚያልቅ ዴድላይን ሁሉ ለደንበኛው «በዋዜማው ቀን 10 ሰዓት» ተብሎ ነው የሚሄደው። ቀኑንም በቁጥር አትጻፉ፣ 3/4 ብላችሁ ብትልኩ ታኅሣሥ 3 ነው ኤፕሪል 3 ነው ማርች 4 ነው ማንም አያውቅም፣ የሳምንቱን ቀን ስም ጻፉ።

ሌላው፣ ሮቦቱ እንዲሰርዝ አትፍቀዱለት። ትክክለኛው አሠራር ዴድላይን ያለፈውን ወዲያው አጽዳ ነው የሚለው፣ ስንት ሲስተም ራሱ የሚሰርዝ ይሸጣል። እኔ አልስማማም። አንድ ሰሞን «ድርብ ቡኪንግ» የሚለውን ቼክ አብርቼ ስም ሲመሳሰል ይጮህ ነበር፣ መሐመድ አህመድ የሚባሉ ሁለት የተለያዩ ሰዎች አንድ አውሮፕላን ላይ ነበሩ፣ ፓስፖርታቸው የተለያየ። እንዲሰርዝ ፈቅጄለት ቢሆን አንዱ ቦሌ ኤርፖርት ቆሞ ይቀር ነበር። በሌላ በኩል ዮሐንስ የሚለውን አንዱ በሁለት ኤን አንዱ በአንድ ኤን ስለጻፉት እውነተኛውን ድርብ አላየውም። ስለዚህ ይጩህ፣ የሚሰርዘው ሰው ይሁን።

እና ለደንበኛ እውነተኛውን ዴድላይን አትንገሩ። በግልጽ ንገሩ ነው የሚባለው፣ አውቃለሁ። እኔ ሌላውን ሁሉ ሁለት ሰዓት ቀንሼ ነው የምልከው፣ 18:00 ከሆነ «ቀን 10 ሰዓት» ይላል። ለጥቂት ወር በጣም ሠራ። አሁን ግን ደንበኞች ነቅተውብናል፣ ባለፈው ሳምንት አንዱ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ብሩን ይዞ ገባና «ለምን አረፈድክ» ስለው፣ «አይ፣ እናንተ ሁለት ሰዓት ታስቀሩ የለ» አለኝ።