ካንሰርን በሊፖዞም ማከም፦ አንዱ ከማክሮፌጅ ይሸሻል፣ ሌላው ይፈልገዋል

ሊፖዞም ከስብ የተሠራ በጣም ጥቃቅን ከረጢት ነው። መድኃኒት በውስጡ ይጫንና በደም ሥር ይሰጣል። ስለ መድኃኒት ተሸካሚ ሲወራ ሁሉም የሚጠይቀው «ምን ያህል ይይዛል?» ብሎ ነው። እኔ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ደም ውስጥ ሲገባ የትኛው ሴል ይውጠዋል?» የሚለው ነው ባይ ነኝ። ጉበት፣ ጣፊያና ሳንባ ውስጥ ያሉት ማክሮፌጆች የተባሉ የሰውነት መከላከያ ሴሎች ባዕድ ነገር ሲያዩ ወዲያው ይውጣሉ፤ ተሸካሚው የሚሠራውም ይህን ታሳቢ አድርጎ ነው።

ዶክሲል፣ ዶክሶሩቢሲን የተባለውን የካንሰር መድኃኒት የጫነው ሊፖዞም፣ ከእነሱ እንዲያመልጥ ታስቦ የተሠራ ነው። ኢየሩሳሌም ውስጥ ተመራማሪዎቹ ባረንሆልዝና ጋቢዞን የደከሙበት ሲሆን በ1995 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተፈቀደ። ግድግዳው ከአኩሪ አተር የተገኘ ፎስፎሊፒድ (የስብ ዓይነት)፣ ኮሌስትሮልና ፔግ (ፖሊኤቲሊን ግላይኮል) የተያያዘበት ስብ ነው፤ በክብደት 3 ለ1 ለ1። ፔግ ውሃ ስለሚስብ ከረጢቱን ይሸፍነዋል፤ ማክሮፌጅም ቶሎ አይለየውም።

የአጫጫኑ ዘዴ ግሩም ነው። መጀመሪያ ከረጢቶቹ 250 ሚሊሞላር አሞኒየም ሰልፌት በተባለ የጨው ውሁድ ውስጥ ይሠሩና በቀዳዳ ሽፋን እየተገፉ ከ80 እስከ 100 ናኖሜትር ገደማ እንዲሆኑ ይደረጋል። ቀጥሎ ውጭ የቀረው አሞኒየም ሰልፌት ይወገዳል። ከዚያ ዶክሶሩቢሲን ተጨምሮ በ60 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። አሞኒያ ሲወጣ መድኃኒቱ ይገባል፤ ውስጥ ከሰልፌት ጋር ተጣምሮ ክሪስታል ይሆንና መውጣት ይሳነዋል። የውጭው አሞኒየም በደንብ ካልተወገደ የሚስበው ኃይል ስለሚጠፋ መድኃኒቱ ውጭ ይቀራል። ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ በታች ከሆነ ደግሞ ግድግዳው ጠጣር ስለሆነ አያስገባም። በሰውነት ሙቀት መድኃኒቱን አጥብቆ የሚይዘውም ይኸው ጠጣርነት ነው።

በዚህ የተነሳ ዶክሲል ደም ውስጥ ለቀናት ይቆያል። ልብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከተለመደው ዶክሶሩቢሲን ያነሰ ቢሆንም ሌላ ዋጋ ያስከፍላል፦ መዳፍና የእግር ውስጥ ቆዳ ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ አንዳንዴም ይላጣል። ስለዚህ ታካሚው ከመድኃኒቱ በኋላ ለቀናት ከሙቅ ውሃና ከጠባብ ጫማ ይራቅ። ለእንቁልጢ (ኦቫሪ) ካንሰር በየ4 ሳምንቱ በሰውነት ገጽ ስፋት በካሬ ሜትር 50 ሚሊግራም ይሰጣል።

አዘገጃጀቱ ላይ ቸልታ አያስፈልግም። የሚቀላቀለው በ5 በመቶ ደክስትሮዝ (የስኳር ፈሳሽ) ብቻ ነው፤ እስከ 90 ሚሊግራም በ250 ሚሊሊትር፣ ከዚያ በላይ በ500። ኖርማል ሳላይን (የጨው ፈሳሽ) አይገባበትም፣ መስመሩ ላይም ማጣሪያ አይደረግም። በደቂቃ 1 ሚሊግራም ይጀመራል፤ የፊት መቅላት፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የጀርባ ሕመም የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ዙር ነውና። ብልቃጡን ብርሃን ላይ ያዙት፦ ተራው ዶክሶሩቢሲን ጥርት ያለ ቀይ ነው፣ ዶክሲል ግን ደብዘዝ ያለ ቀይ። በሚሊግራም ልክ አንዱን በሌላው መተካት ከባድ አደጋ ነው።

ሌላው በሊፖዞም የሚሰጥ መድኃኒት ሚፋሙርታይድ በተቃራኒው ፔግ የለውም። ከባክቴሪያ ግድግዳ ቁራጭ ተቀድቶ በላቦራቶሪ የተሠራ ሞለኪውል ስለሆነ ማክሮፌጅ እንዲውጠውና እንዲነቃበት ይፈለጋል፤ ካንሰሩን የሚያጠቃው የነቃው ሴል ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ከ2 እስከ 30 ዓመት ላሉ የአጥንት ካንሰር (ኦስቲዮሳርኮማ) ታካሚዎች፣ እጢው በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ ከኬሞ ጋር እንዲሰጥ ተፈቀደ። የአጥንት ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚሰራጨው ወደ ሳንባ ነው፤ የሳንባ ማክሮፌጆችን ማንቃት ትርጉም የሚኖረው ለዚህ ነው። በካሬ ሜትር 2 ሚሊግራም ለ12 ሳምንት በሳምንት ሁለቴ፣ ከዚያ ለ24 ሳምንት በሳምንት አንዴ ይሰጣል።

እዚህ ፈሳሹ ኖርማል ሳላይን ነው፤ ማጣሪያውም ከብልቃጡ ጋር ይመጣል። 50 ሚሊሊትር ከገባ በኋላ ስቡ ውሃ እንዲጠጣ 1 ደቂቃ ሳይነካ ይቀመጣል፣ ከዚያ 1 ደቂቃ በኃይል ይናጣል። ያለ ዕረፍት ወዲያው ከተናጠ ከረጢቶቹ በወጉ ላይፈጠሩ ይችላሉ። ብርድ ብርድ ማለትና ትኩሳት የሚጠበቅ ነው፤ ለማስታገስ ፓራሲታሞል ይሰጣል። ከፍተኛ መጠን ያለው የኢቡፕሮፌን ዓይነት ማስታገሻና ሳይክሎስፖሪን ግን ክልክል ናቸው፤ ሥራ እንዲጀምር የተፈለገውን ማክሮፌጅ ያደክሙታል።