ድንጋይ የለበሰ በረዶ

የመጣሁት በረዶ ለማየት ነበር። የኬብል መኪናው ሙርቴል ጣቢያ ላይ ሲያወርደኝ ግን የተቀበለኝ የድንጋይ ክምር ነው፤ ግራጫ፣ ደረቅ፣ ሣር እንኳ እምብዛም ያልደፈረው። ቦታው በስዊዘርላንድ የኤንጋዲን ሸለቆ፣ በኮርቫች ተራራ ወገብ፣ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ቅር ስላለኝ ካሜራዬን ከቦርሳዬ አላወጣሁም። ዕድሜያቸው ከሰባ የዘለለው አስጎብኚዬ ፊቴን አይተው ሳቁ።

«የመጡበትን ነገር ረግጠውት ቆመዋል» አሉኝ።

ከጣቢያው በረንዳ ቁልቁል ሲታይ ክምሩ እንደ አዛውንት ግንባር የተሸበሸበ ነው። ከድንጋዩ ሥር የተቀበረው በረዶ በገዛ ክብደቱ ወደ ታች እየተሳበ ድንጋዩን ተሸክሞት ስለሚሄድ ነው እንዲህ የሆነው። እንዲህ በረዶ ተሸክሞት የሚጓዝ የድንጋይ ክምር «ሮክ ግላሲየር» ይባላል። የሙርቴል የዓመት ጉዞ በሴንቲሜትር ይቆጠራል። በዓመት ሜትርና ከዚያ በላይ የሚሄዱ ሌሎች ክምሮች አሉ፤ በአልፕስ ከሚለኩት ብዙዎቹም ባለፉት አሥርት ዓመታት ፍጥነታቸውን ጨምረዋል። የሞቀ በረዶ ይለሰልሳል፣ የለሰለሰም ይፈጥናል።

በድንጋዮቹ መካከል ስንሄድ ቀትር ነበር፤ ሹራቤን አውልቄ ወገቤ ላይ አስሬአለሁ። ሽማግሌው ሁለት ትልልቅ ድንጋዮች የተደገፉበትን ክፍተት አሳይተው እጄን እንዳስገባ ነገሩኝ። እስከ ክርኔ አስገባሁ። ጣቶቼን የነካው አየር ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣ ያህል ቀዝቃዛ ነበር፤ ትንሽ ቆይቼ ሳወጣው የእጄ ፀጉር ቆሟል። ክረምት ላይ ከባዱ ቀዝቃዛ አየር በድንጋዮቹ መካከል ሰርጎ ይገባል፣ ቀላሉን ሙቅ አየር ገፍቶ ያስወጣል፤ ከሥር ያለው መሬት ከአካባቢው ይልቅ የሚቀዘቅዘው በዚህ ነው። ጆሮዬን ሳስጠጋ ደግሞ ከታች የውሃ ድምፅ ሰማሁ፤ የሚንጠባጠብ ሳይሆን የሚፈስ።

ተመራማሪዎች በረዶውን ለማጥናት የቆፈሩት ጉድጓድ ያለው እዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ወደ 60 ሜትር ገደማ ወርደው ሲቆፍሩ፣ ከሦስት ሜትር ያህል ድንጋይ በኋላ ያገኙት ከሞላ ጎደል ንጹሕ በረዶ ነበር። በውስጡ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የሞስ (በእርጥብ ድንጋይ ላይ የሚበቅል ትንሽ አረንጓዴ ተክል) ቅሪት ተገኝቷል። በጉድጓዱ ውስጥ የተንጠለጠሉት የሙቀት መለኪያዎች ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ይመዘግባሉ፤ በአልፕስ ተራሮች ፐርማፍሮስት ላይ ከተያዙት መዝገቦች ሁሉ ረጅሙ ይህ ነው። ፐርማፍሮስት የሚባለው ቢያንስ ለሁለት ተከታታይ ዓመታት ከዜሮ ዲግሪ በላይ ሳይሞቅ የቆየ ዐለት ወይም አፈር ነው። ይህን ሁሉ የሚናገረው መሣሪያ ከላይ ሲያዩት የታሸገ ቱቦ ነው። እኔ ብሆን ቢያንስ ቀለም እቀባው ነበር።

መለኪያው ሁሉን ይናገራል ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። አንድ ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ የሚፈጀው ሙቀት፣ ያንኑ ውሃ ከዜሮ ወደ 80 ዲግሪ ያደርሰው ነበር። ስለዚህ መሬቱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ የሚገባው ሙቀት ሁሉ በረዶውን ለማቅለጥ ይውላል፤ ቁጥሩ ለዓመታት ከቦታው ላይነቃነቅ ይችላል። በረዶው እያለቀ መለኪያው ዝም ይላል። በዚህ ምክንያት ባለሙያዎቹ መሬቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይለቃሉ፤ በረዶ ኤሌክትሪክን በእጅጉ ይከላከላል፣ ውሃ ግን ያሳልፋል፤ በዚያ ልዩነት ምን ያህሉ እንደቀለጠ ይገምታሉ።

ሌላም ስሕተት ነበረብኝ። ክረምቱ አመዳይ ቢያበዛ ለተቀበረው በረዶ መልካም ይመስለኝ ነበር። (ከሰማይ የሚወርደውንም ከመሬት ሥር ያለውንም በረዶ ማለታችን ሳያሳስተኝ አልቀረም።) በጊዜ የወደቀ ወፍራም አመዳይ ግን ብርድ ልብስ ነው፤ የበጋውን ሙቀት በመሬቱ ውስጥ አፍኖ ያስቀራል። መሬቱ የሚቀዘቅዘው አመዳዩ ሲዘገይ ነው።

በማግሥቱ በአውቶቡስ የማሎያን መተላለፊያ ወርጄ ቦንዶ ወደሚባል መንደር ሄድኩ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 23 ቀን 2017 ከመንደሩ በላይ ካለው ፒዝ ቼንጋሎ ተራራ ሦስት ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ዐለት ተንዶ ስምንት ተጓዦች ሞቱ፤ አስከሬናቸውም አልተገኘም። ናዳው ከሥሩ የነበረውን ትንሽ የበረዶ ግግር ጠርጎ ከውሃና ከጭቃ ጋር መንደሩ ድረስ ወረደ። ነዋሪዎቹ ወጥተው ስለነበር ተረፉ። የናዳው ምክንያት በዐለቱ ስንጥቅ ውስጥ ያለው በረዶ መቅለጥ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ የተራራው አቀማመጥ፣ የቆዩ ስንጥቆችና የውሃ ግፊትም አሉበት። ጋዜጦች ግን አንድ ጥፋተኛ ይወዳሉ።

መንደሩ ጸጥ ያለ ነው። ከወንዙ ዳር ተራራው የጣላቸው ነጫጭ ድንጋዮች ተከምረዋል፤ አንዳንዱ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። ሰው እንዳያየኝ ግራ ቀኝ ቃኝቼ በሁለቱ መካከል እጄን እስከ ክርኔ አስገባሁ። ድንጋዩ ፀሐይ ሞቆ ለብ ብሏል፤ ከሥሩ የሚወጣ አየር አልነበረም።