ድሬ ላይ በነጻ የት ይቀመጣል?

አዲስ ከተማ ስገባ አንድ አመል አለኝ። ሙዚየሙንም ሆቴሉንም ትቼ መጀመሪያ የማየው ሰው ምንም ሳይገዛ የት እንደሚቀመጥ ነው። ብዙ ከተሞቻችን ላይ ለዚህ ጥያቄ መልስ የለም፤ ወይ ካፌ ገብተህ ማኪያቶ ታዛለህ፣ ወይ ቆመህ ታወራለህ። ድሬዳዋ ላይ ግን ነገሩ ለየት ይላል። መቀመጫ ሞልቷል። የሚጎድለው ጥላ ነው።

የሄድኩት ከአዲስ አበባ፣ ከለቡ ጣቢያ በባቡር ነው። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ ስለሆነ ስትወርድ መጀመሪያ ሙቀቱ ይቀበልሃል፣ ቀጥሎ የባጃጅ ሾፌሮች። እኔን የያዘኝ ልጅ ቦርሳዬን ወደ ኋላ እየወረወረ «የት ልጣልህ አቦ?» አለኝ። ከዚራ፣ ጥላ ያለበት ቦታ አልኩት። ሳቀብኝ። «ከዚራ ሁሉ ጥላ ነው ወንድሜ፣ አዲስ የሠሩት አደባባይ ካልሆነ።» ይህችን ነገር ያዝኩለት፤ ከዚያ በኋላ ከተማውን ሳይ የከረምኩት በእሷ ዓይን ነው።

ለማታውቁት፣ ድሬን ደቻቱ የሚባል ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። በአንድ በኩል ከዚራ፣ በሌላው በኩል መጋላ። ባቡሩ ከጅቡቲ 311 ኪሎ ሜትር ተጉዞ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሲደርስ መጀመሪያ የታሰበው ወደ ሐረር ሊወስዱት ነበር፤ ያንን ተራራ ሐዲድ ዘርግቶ መውጣት ግን አስቸጋሪም ውድም ስለሆነ ታች ሜዳው ላይ ቀረ። ጣቢያው ከተማ ውስጥ አልተሠራም፤ ከተማው ነው ጣቢያው ዙሪያ የበቀለው። ስሙም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ነበር። የባቡር ኩባንያው ፈረንሳዮች ከዚራን ሲያወጡ መንገዱን ቀጥ አደረጉት፣ ግራና ቀኙን ዛፍ ተከሉበት። ዛሬም ቀትር ላይ ከዚራ ውስጥ በእግሩ የሚሄድ ሰው የምታየው በዚያ የዛፍ ሰልፍ ምክንያት ነው። ሰው ከዛፍ ወደ ዛፍ እየዘለለ ነው የሚሄደው። ፀሐይ ያለበትን ቁራጭ ፈጠን ብሎ ያልፋል፣ ጥላው ውስጥ ሲገባ ዘና ይላል።

ዛፉም ቢሆን ይለያያል። አንደኛው ኒም ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አረንጓዴ፣ ጥላው ጥቅጥቅ ያለ። ሌላው ያ ቀይ አበባ ያለው፣ ሌላ ከተማ ላይም ሰው «የድሬዳዋ ዛፍ» ብሎ የሚጠራው ነው። አገሩ ማዳጋስካር ነው፣ ግን ማን ይከራከራል፣ ስሙ ድሬ ሆኗል። ሲያብብ ፎቶ ያስነሳል። ችግሩ ረጅም በጋ ሲሆን ቅጠሉን ማራገፉ ነው፤ ጥላውን አብዝተህ በምትፈልግበት ወቅት ቅርንጫፍ ብቻ ይቀርልሃል። ስለዚህ ለሚያይ ሰው እሱን ትተክላለህ፣ ለሚቀመጥ ሰው ኒምን። ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፤ ከዚራ ላይ በር ላይ የተቀመጠ ማንኛውም ዘበኛ ይነግርሃል።

አዲሱ አደባባይ ላይ የተተከለው ግን ዘምባባ ነው።

እንዳልበድል፣ ሥራው ቆንጆ ነው። ወለሉ ንጹህ፣ ፏፏቴ አለው፣ መብራቱ ደመቅ ያለ፣ የብረት አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ሄጄ ማዶ ቆሜ አየሁት። ባዶ ነው። አንድ ሽርጥ የታጠቁ፣ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ መጡና አንዱን አግዳሚ በመዳፋቸው ነካ አደረጉት። እጃቸውን ቶሎ አነሱ። ዞር ዞር ብለው አዩ፣ ከዚያ ቀስ ብለው መንገዱን ተሻግረው አንድ ትልቅ ኒም ሥር ያለው የሲሚንቶ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ያ ጠርዝ አፈሩን እንዲይዝ እንጂ ለመቀመጫ ተብሎ አልተሠራም። ግን ስንት ዘመን ሰው ሲቀመጥበት እንደኖረ እንጃ፣ ላዩ ለስልሶ ያብለጨልጫል።

እዚያው ኒም ሥር ሻይ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። አንድ ከሰል ምድጃ፣ ሁለት ፔርሙዝ፣ ኦቾሎኒ በሳህን፣ ዙሪያውን ትናንሽ የፕላስቲክ በርጩማ። ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይተው «እስቲ ተነሱ ልጆች» አሉ፤ ሁላችንም ብርጭቋችንን እንደያዝን ተነሳን፣ በርጩማዎቹን ወደ ግንዱ ጠጋ አደረጉና ተመልሰን ተቀመጥን። ጥላው ዞሮ ነበር። ከኔ በስተቀር የገረመው የለም።

«ማዘር፣ በቀን ስንቴ ነው የሚያዞሩት?»

«ፀሐይዋን ጠይቃት የኔ ልጅ፣ እኔ ተከታይ ነኝ።»

ዊልያም ዋይት የሚባል አሜሪካዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የኒውዮርክን አደባባዮች በካሜራ እየቀረጸ ሲያጠና ከርሞ የደረሰበት ነገር ሲነገር ያስቃል፦ ሰው የሚቀመጠው መቀመጫ ያለበት ቦታ ነው። ቀጥሎ ያለው ግን ቁም ነገር ነው። ሰው ከተተከለ አግዳሚ ይልቅ የሚንቀሳቀስ ወንበር ይወዳል፤ ወደ ፀሐይ፣ ወደ ጥላ፣ ወደ ወዳጁ ፈቀቅ ማድረግ ይፈልጋል። እኚህ እናት ያለ ካሜራ እዚያው ደርሰዋል። ታዲያ እሳቸው አዲሱ አደባባይ ላይ ገብተው መሸጥ አይችሉም። «እዛ ይከለክሉናል» አሉኝ፣ ቅሬታም ሳያበዙ። ሻይ የለም፣ በርጩማ የለም፣ ጥላ የለም፤ ከዚያ ሰው ለምን ቀን ቀን አይመጣም ተብሎ ይጠየቃል።

ማታ ሌላ ነው። ይህን መካድ አይቻልም። ድሬ የምትነሳው ከ10 ሰዓት በኋላ ነው፣ ከመግሪብ በኋላ ደግሞ አደባባዩ ሞልቶ ይፈሳል። ሕፃናት በስኬቲንግ ጫማ ይሽከረከራሉ፣ እናቶች ወለሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ሳምቡሳ ያከፋፍላሉ፣ አማርኛው ከኦሮምኛው ከሶማልኛው ጋር አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይገባል። ያ ቀን ሲጠብስ የዋለ ወለል እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ድረስ ከሥር ሙቀቱን ይመልሳል፣ ግን ግድ የሚሰጠው የለም። በዚህ ከተማ አየር ውስጥ መብራት ከፏፏቴ ይበልጣል። በጀት ካነሰ ፏፏቴውን ትቼ አምፖሉን ነበር የምጨምረው።

ሌላው ብዙ ሰው የማያነሳው ነገር በርጫ ነው። ከምሳ በኋላ ግማሹ ወንድ ቤት ውስጥ፣ ጫቱና ትራሱ አጠገብ ነው። የአደባባዩ ዋና ተፎካካሪ ሌላ ፓርክ ሳይሆን ያ ፍራሽ ነው። ስለዚህ በዚያ ሰዓት ውጭ የምታየው ማን ነው ብለህ ብትቆጥር ሴቶች፣ ተማሪዎች፣ ሻጮች፣ ሽማግሌዎች ናቸው። የቀኑ መናፈሻ ለእነሱ ነው መታሰብ ያለበት። ለእነሱ ደግሞ ሐውልት ሳይሆን ጥላ፣ የሚጠጣ ውሃና ንጹህ ሽንት ቤት ነው የሚያስፈልገው። በተለይ ሽንት ቤቱ። ሴቶቹን ጠይቋቸው።

ደቻቱ ላይ ብዙ ቆየሁ። ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ከተማው መሃል እንደዚያ የሰፋ ክፍት ቦታ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ልጆች ድንጋይ ለጎል አቁመው ኳስ ይጫወታሉ፣ ሰው ከከዚራ ወደ ከፊራ ገበያ አቋርጦ ያልፋል። ከላይ ከድልድዩ ሆኖ የሚያይ እንግዳ «ይህን ሁሉ መሬት ለምን መናፈሻ አያደርጉትም?» ቢል አይፈረድበትም። የድሬ ሰው ግን ወዲያው 98 ይልሃል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። የዚህ ወንዝ ክፋቱ ዝናቡ የግድ ድሬ ላይ መዝነብ የለበትም፤ ላይ የሐረርጌ ተራሮች ላይ ይዘንብና ከተማው ደረቅ ሆኖ ተኝቶ እያለ ውሃው ይወርዳል። አንድ ጎልማሳ የወንዙን ዳር ግንብ እየዳበሰ «እኛ እዚህ ሰማይ አናይም፣ ተራራ ነው የምናየው» አለኝ።

እንደኔ እንደኔ ደቻቱ እንዳለ ቢቀር ይሻላል። የኳስ ሜዳ፣ ከግንቡ ወደ አሸዋው የሚያወርድ ሰፊ ደረጃ፣ ማታ ከላይ ከግንቡ የሚበራ መብራት፤ በቃ። ውሃው መጥቶ ቢያልፍበት የሚጎዳ ነገር አይኑር። ካፌ፣ ሱቅ፣ የልጆች መጫወቻ ቤት ታች አሸዋው ላይ እንሥራ የሚል ሰው ከመጣ ግን መጀመሪያ በክረምት አንድ ሌሊት እዚያ ይደር።

ሐረርም ደርሼ ተመለስኩ፤ 50 ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፣ በደንገጎ ዳገት ሽቅብ። ያኛው ዓለም ሌላ ነው። ጀጎል ውስጥ፣ ግንቡ በከበበው 48 ሄክታር ውስጥ ማለት ነው፣ መናፈሻ ብለህ ብትፈልግ አታገኝም፤ መንገዱ ጠባብ፣ ግድግዳው ከፍ ያለ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ አንዱ ጎን ጥላ ነው። ሰፋ የሚለው ፈረስ መጋላ የሚባለው አደባባይ ነው፣ ያውም ባጃጅና ሻጭ ሞልቶታል። መቀመጫው ቤት ውስጥ ነው። የሐረሪ ቤት ስትገባ ነደባ የሚሉት ከፍና ዝቅ ያለ መደብ አለ፣ እንግዳው የት፣ ሽማግሌው የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። ሐረር አደባባዩን ሳሎን ውስጥ አስገብቶታል። ድሬ ሳሎኑን ነው ውጭ ያወጣው። ስለዚህ የአንዱን ንድፍ ወስዶ ሌላው ላይ መለጠፍ አይሠራም፣ የአዲስ አበባውንማ ተዉት።

ወደ ድሬ ስመለስ አንድ የሆቴል ባለቤት ጋር ተጨቃጨቅን። ሰውየው የሚሉት ለእንግዳ የሚሆን አጥር ያለው፣ በቲኬት የሚገባበት መናፈሻ ያስፈልገናል ነው። የሚያስቡት ቁልቢን ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለገብርኤል የሚመጣው ሕዝብ ድሬ ላይ ስለሚያድር አልጋ ይጠፋል፣ ገንዘብ ይገባል። ገባኝ። ግን ያ ሳምንት ሲያልፍ በሩ ላይ ቲኬት ቆራጩ ብቻውን ይቀራል። ደግሞ እንግዳ የሚወደው ምን መሰላችሁ? የአገሩ ሰው የተቀመጠበትን ቦታ ነው። እኔ እንግዳ ነኝ፤ የሄድኩት ሽማግሌው የሄዱበት ኒም ሥር ነው። ሰውየው «አንተ ሻይ ብቻ ነዋ የጠጣኸው» አሉኝ። መልስ አጣሁ፤ ሒሳቡ እውነት ነው፣ ከኔ ሆቴላቸው ብዙ አላተረፈም።

ለታኅሣሡ ቁልቢ ለምትሄዱ፦ አልጋ ቀድማችሁ ያዙ። ከዚራን ከማለዳ እስከ 4 ሰዓት በእግር እዩት፣ ቀትር ላይ እንደ አገሬው ተኙ፣ አደባባዩን ለማታ አቆዩት። ኒሙ ሥር ከሄዳችሁ ዝርዝር ብር ያዙ፣ እናትየዋ ቴሌብር የላቸውም፤ «ተነሱ» ሲሏችሁም ተነሱ።