የደም ዓይነት ምርመራን ወደ እርግዝና ክትትል ክፍል እንዴት እንዳመጣሁት

ጎንደር ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ቀደም ሲል ነፍሰ ጡሮች ለደም ዓይነት ወደ እኛ ይላኩ ነበር። ከጠዳ በጠዋት የመጣች እናት ወረፋው ሲረዝምባት ሳትመረመር ትመለሳለች። ይሄ አሳሰበኝ። ከአዋላጆቹ ጋር ተመካከርንና ምርመራውን እዚያው ክትትል ክፍላቸው ወሰድኩት።

ዕቃው ብዙ አይደለም። ነጭ ሰሌዳ፣ ጣት መውጊያ ላንሴት፣ አልኮል፣ ስቴኪኒና ሦስት ብልቃጥ፤ ሰማያዊው አንቲ ኤ፣ ቢጫው አንቲ ቢ፣ ቀለም የሌለው አንቲ ዲ። ሦስት ቦታ ደም አንጠባጥቤ በየአንዳንዱ ላይ የየራሱን ፈሳሽ እጨምራለሁ። ለእያንዳንዱም የራሱ ስቴኪኒ! በአንዱ ሦስቱንም ማማሰል ውጤቱን ያበላሻል። ከዚያ ሰሌዳውን ወዲያ ወዲህ አዘነብላለሁ። ከሰማያዊው ጋር ብቻ ከጓጎለ ኤ፣ ከቢጫው ጋር ብቻ ከሆነ ቢ፣ ከሁለቱም ከጓጎለ ኤቢ፣ ከሁለቱም ካልጓጎለ ኦ ነው። ከአንቲ ዲ ጋር ከጓጎለ ፖዘቲቭ፣ ካልጓጎለ ኔጌቲቭ ይባላል።

ትልቁ ጉዳይ ሰዓቱ ነው። ከሁለት ደቂቃ ካለፈ ጠርዙ መድረቅ ይጀምርና ያልጓጎለውም የጓጎለ ይመስላል። ብርዱም ቀላል አይደለም። ፈሳሾቹ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣሉ። በታኅሣሥ ጠዋት ከፍሪጅ እንደወጡ ብንጠቀምባቸው ደም በቅዝቃዜው ብቻ ሊጓጉል ይችላል። ስለዚህ ቀደም ብዬ አውጥቼ ቅዝቃዜያቸውን አስለቅቃለሁ።

ስሟን ራሷ እንድትነግረኝ አደርጋለሁ። «እከሊት ነሽ?» ከተባለች ሳትሰማ «አዎ» የምትል ብዙ ናት። ደም ለመስጠት ደግሞ ይህ ምርመራ በፍጹም አይበቃም፤ የሰጪንና የተቀባይን ደም አገናኝቶ ማየት፣ ማለትም ክሮስማች፣ የግድ ነው።

አንዲት እናት ግን ከልቤ አትወጣም። የመጀመሪያ ልጇ ደህና ነው። ከእሱ በኋላ የወለደቻቸው ሁለቱ አልበረከቱላትም። «ሾተላይ አለብሽ ይሉኛል» አለችኝ። አንቲ ዲ ላይ ደሟ ልስልስ እንዳለ ቀረ። ከሰሌዳው ይልቅ በላብራቶሪ ቱቦ ቢደገምም ኔጌቲቭ።

«የባለቤትሽስ?»

«ኧረ እኔ የራሴንም ገና አሁን መስማቴ ነው።»

ጠበሉን ተዪ አላልኳትም። እናት ኔጌቲቭ፣ ፅንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን በወሊድ ጊዜ ደማቸው ሊነካካ እንደሚችል ነገርኳት። ያኔ የእናት ሰውነት የፅንሱን ደም የሚያጠቃ መከላከያ ያበጃል። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ያመልጣል፤ የሚጎዱት ተከታዮቹ ናቸው። ይህ መከላከያ እንዳይበጅ ኔጌቲቭ ለሆነች እናት የአንቲ ዲ መርፌ በ28ኛው የእርግዝና ሳምንት፣ ሕፃኑ ፖዘቲቭ ከሆነ ደግሞ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። ሰውነቷ መከላከያውን አንዴ ካበጀ ግን መርፌው አይሠራም። ያ እንዲጣራላትና በቅርብ እንድትከታተል ወደ ሆስፒታል ላክናት።

ልትወጣ ስትል ታናሽ እህቷ የመጀመሪያዋን እንዳረገዘች ነገረችኝ። «ሳይውል ሳያድር ይዘሻት ነይ» አልኳት። እህትየዋም ኔጌቲቭ ከሆነች ገና በጊዜ እንደርስላታለን።